ትል አጥንቼ የት ልድረስ? ሐዋሳ ያላችሁ ምከሩኝ

የታቦር ልጅ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ሐዋሳ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ። ባዮሎጂ ተመርቄ የግል ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ዘንድሮ ማስተርስ ልጀምር ስለሆነ መስክ መምረጥ አለብኝ። ልቤ ያለው ፓራሲቶሎጂ፣ ማለትም የጥገኛ ተሕዋስያን ጥናት ላይ ነው። በተለይ ጥገኛ ትሎች ከሚኖሩበት ሰው፣ ከብት፣ ዓሣ ወይም ቀንድ አውጣ ጋር እንዴት ተቻችለው እንደሚኖሩ ማወቅ እፈልጋለሁ።

ቤት ስናገር እማዬ «ስንት ነገር እያለ ትል?» አለችኝ። አጎቴ ደግሞ «የትል ዘመን አልፏል፣ ባዮቴክ ግቢ» ይላል።

የዶክተር አክሊሉ ለማን ስም ሁላችንም እናውቃለን። እንዶድ፣ አድዋ፣ ሽልማት፣ አለቀ። ከዚያ ወዲያ ያለውን የሚያወራ ሰው ግን አላገኘሁም። ዕድሜውን ሙሉ ትል ያጠና ሰው ሥራው በተጨባጭ ምን ይመስላል? ዛሬስ የሚሠራ ነገር ቀርቷል? በመስኩ ያላችሁ እባካችሁ ሳትሸነግሉ ንገሩኝ።

ሚጥሚጣ

ሠርግሽ ላይ «ሙሽሪት የሰገራ ባለሙያ ናት» ሲባል አስቤ ሳቄ መጣ። ቀልዴን ነው እህቴ። ከምር ግን እንጀራ ይወጣዋል ወይ?

ጋሽ ማይክሮስኮፕ

ልጄ፣ እንኳን ጠየቅሽ። እኔ የላቦራቶሪ ሰው ነበርኩ፣ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ሐይቁ ዳር ካሉ ሰፈሮች የሚመጣ ናሙና ሳይ ነው ያረጀሁት። ይህን አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም።

የአክሊሉን ታሪክ ሰው የሚያወራው እንደ ሎተሪ ነው። ወንዝ ዳር ሄደ፣ የሞተ ቀንድ አውጣ አየ፣ ታዋቂ ሆነ። እንዲያ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ሲሄድ ከአሜሪካው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን ጨርሶ የተመለሰ ወጣት ነበር። የሚፈልገውን ያውቃል፤ ቢልሃርዚያ የሚባለውን የትል በሽታ የሚያሰራጩት ቀንድ አውጣዎች የት የት እንዳሉ ማየት ነው። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወረድ ብሎ ሲያይ የሞተው ቀንድ አውጣ በዝቷል። ሌላ ቦታ እንዲያ አልነበረም። በሕይወት ያሉትን በዕቃ ይዞ የእንዶዱ አረፋ እንዲጨመርበት አደረገ። ሞቱ።

እናቶቻችን በእንዶድ ስንት ዘመን አጥበዋል። ያንን ወንዝ የተሻገረ ሰውም ብዙ ነው። እሱን ያስቆመው ጭንቅላቱ ውስጥ የትሉ መንገድ ስለነበረ ነው። መንገዱ እንዲህ ነው። የታመመ ሰው ሜዳ ላይ ይጸዳዳል፤ እንቁላሉ በጎርፍ ውሃ ውስጥ ይገባል። ንጹህ ውሃ ሲያገኝ ይፈለፈላል። የወጣችው እጭ ትክክለኛውን ቀንድ አውጣ በሰዓታት ውስጥ ካላገኘች ትሞታለች። ካገኘች ግን ውስጡ ገብታ ትባዛለች። ከሳምንታት በኋላ ጭራቸው ሁለት ላይ የተሰነጠቀ እጮች በሺህ እየሆኑ ይወጣሉ። እነዚህ ናቸው የሰው ቆዳ ሰርስረው የሚገቡት። ውሃውን መጠጣት አያስፈልግም፤ እግር መንከር ይበቃል። እንግዲህ ቀንድ አውጣው ከሌለ መንገዱ ተቆረጠ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ነው ሥራ የሚባለው። በ1966 የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን አዲስ አበባ ላይ አቋቋመ፤ ዛሬ በስሙ ይጠራል። የግብርና ባለሙያው ለገሠ ወልደዮሐንስ የእንዶድ ዓይነቶችን ከየአገሩ ሰብስቦ እያበቀለ ብርቱውን መረጠ። ኢ-44 የምትባለው ከዚያ የተገኘች ናት። ከ1969 እስከ 1974 አድዋ ላይ እንዶድ ውሃው ውስጥ እየተጨመረ ተሞከረ። ከ1 እስከ 6 ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ ሕመሙ ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ።

ሕፃናቱን ለይተው ያዩበትን ምክንያት ልብ በይ። ትልቅ ሰው ውስጥ ያለ ትል የድሮ ሊሆን ይችላል፤ ዓመታት ይኖራላ። የሁለት ዓመት ልጅ ውስጥ ያገኘሽው ግን የቅርብ ጊዜ ነው። መተላለፉ መቆም አለመቆሙን የሚነግርሽ ሕፃኑ ነው። ይህን ዓይነት ነገር ማሰብ ነው ፓራሲቶሎጂ ማለት።

የታቦር ልጅ

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። የሕፃናቱን ነገር በዚህ መልኩ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ታዲያ ይህን ያህል ከሠራ ዛሬ በየወንዙ እንዶድ የማናየው ለምንድን ነው?

አልረሳም

ለምን እንደሆነ ልንገርሽ። አበሻ ስለሠራው ነው። ፈረንጅ ቢያገኘው ኖሮ ዛሬ በየፋርማሲው ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ፊት አልሰጠውም። «ምርመራው በእኛ ደረጃ አልተሠራም» ተባለ፣ በቃ።

ሐኪም ልሆን ነው

ወንድሜ አልረሳም፣ ቁጭትህ ይገባኛል። ግን ታሪኩን ግማሽ ብቻ አትንገራት።

አንደኛ፣ ፕራዚኳንቴል መጣ። በ1970ዎቹ የጀርመን ኩባንያዎች ያወጡት ክኒን ነው። በሰውየው ክብደት ተሰልቶ ይዋጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቀን ያልቃል። ከዚያ በፊት የነበሩት የቢልሃርዚያ መድኃኒቶች በሽተኛውን ያንገላቱ ነበር። ጥሩ ክኒን ሲገኝ ዓለም ሁሉ ፊቱን ከቀንድ አውጣው ወደ ሰውየው አዞረ።

ሁለተኛ፣ እንዶድ የቀንድ አውጣውን እንቁላል አይገድልም። ውሃ ውስጥም ቶሎ ይፈርሳል። ለአካባቢው መልካም ነው፣ ለሥራው ግን ችግር ነው፤ ደጋግመሽ መጨመር አለብሽ። ማን ያመርታል? ማን ይፈጫል? ማን በየጊዜው ወንዝ ይወርዳል?

ስለዚህ ለእህታችን ምክሬ፦ የትል ምርምር አብዛኛው ተሠርቷል። ክኒን አለ። ኢሚውኖሎጂ (የሰውነት በሽታ መከላከያ ጥናት) ወይም ካንሰር ላይ ብትሄጂ ይሻልሻል።

ጋሽ ማይክሮስኮፕ

ዶክተሬ፣ በጎ ነገር ተናግረሃል፤ መጨረሻው ላይ ግን አበላሸኸው።

ክኒኑ ጥሩ ነው፤ እኔም ለስንቱ ሲሰጥ አይቻለሁ። ነገር ግን የጎለመሰውን ትል ይገድላል እንጂ ገና ቆዳ ሰብሮ የገባውን ጨቅላ አይነካውም። ነገ ውሃ ውስጥ ስትገባም አይከላከልልህም። ልጁ ትምህርት ቤት ክኒን ይውጣል፣ ቅዳሜ ሐይቅ ይወርዳል፣ ይያዛል። ቀንድ አውጣው ካልተነካ ነገሩ ዘወትር እንደ አዲስ ነው የሚጀምረው። የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ ክኒን ብቻውን አይበቃም፣ ቀንድ አውጣውንም ተቆጣጠሩ ማለት ጀምሯል።

አልረሳም ደግሞ፦ ጉዳዩ ንቀት ብቻ ነበር ማለት አይቻልም። ንቀት አልነበረም ማለትም አይቻልም። አክሊሉ ራሱ በአፍሪካ ላቦራቶሪ የተሠራን ሥራ የማያምን ዓለም እንዳለ በአደባባይ ተናግሯል። የተጠየቀው ግን ለማንም የሚጠየቅ ነገር ነበር፤ በዓለም አቀፍ የላቦራቶሪ ደንብ የተሠራ የመርዛማነት ምርመራ። ክፋቱ ምርመራው ውድ ነው፤ የሚጠይቀው ወገን ደግሞ ገንዘቡን አይሰጥም። እንዶድ እንደሆነ ማንም ሰው ጓሮው የሚያበቅለው ተክል ነው፤ ትርፍ ስለሌለው ኩባንያ አይከፍልለትም። በመጨረሻ የካናዳ መንግሥት የምርምር ድርጅት ገንዘብ አወጣና ምርመራው ተሠራ። እስከዚያ ግን ዓመታት አለፉ፣ ዓለም ወደ ክኒኑ ሄዷል።

በዚያ ጊዜ ቀንድ አውጣ ለማጥፋት የሚሸጠው የፈረንጅ መድኃኒት ኒክሎሳማይድ ነበር። የኮሶ ትል ላለበት ሰው ስንሰጠው የኖርነው ያው ራሱ ነው። ዋጋው ለድሀ አገር ወንዝ የሚቀመስ አልነበረም።

አልረሳም

የቶሌዶውን ታሪክስ ለምን ዘለልከው ጋሼ? አሜሪካ፣ ኦሃዮ ያለው ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ በ1990 ለአክሊሉ የክብር ዶክትሬት ሰጠው። በዚያው ሰሞን ታላላቆቹ ሐይቆቻቸው በአንዲት ባለ ዛጎል መጤ እንስሳ ተወረው፣ የውሃ ቧንቧቸው እየተደፈነ ነበር። እንዶድ ተሞከረባት። ሞተች። ዩኒቨርሲቲው የባለቤትነት መብት አስመዘገበ።

የአድዋ ልጅ ሲታመም «ማስረጃ አምጡ»፣ የነሱ ቧንቧ ሲደፈን ወዲያው ፓተንት። ይህን ምን ትሉታላችሁ?

ሐኪም ልሆን ነው

እዚህ ላይ አልከራከርህም።

ሚጥሚጣ

ታሪክ ክፍል ገባን እኮ። ልጅቷ ሥራ አለው ወይ ብላ ነው የጠየቀችው። ደግሞ ሽልማቱን አንድም ሰው በቅጡ አልነገረንም።

ጋሽ ማይክሮስኮፕ

በ1989 ነው። አማራጭ ኖቤል የሚባለውን ራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አክሊሉና ለገሠ ተካፍለው ወሰዱ። የእንዶዱ መርዝም ለማቶክሲን ተብሎ በስሙ ተጠርቷል። አክሊሉ ኋላ ላይ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት፣ በዩኒሴፍም ሠርቶ በ1997 አረፈ። በዚህ መስክ ኖቤል አያገኝም እንዳትሉ ደግሞ፣ በ2015 አይቨርሜክቲንን ያገኙት ካምቤልና ኦሙራ ወስደዋል። በወንዝ ዳር ዝንብ የሚተላለፈውን ዓይን የሚያጠፋ ትል በሽታ የሚከላከለው፣ ጅማና ከፋ ያሉ ገበሬዎች በነፃ የሚውጡት መድኃኒት ነው።

ባለጀልባው

እኔ የተማርኩ አይደለሁም፣ ዓሣ አጥማጅ ነኝ። ልጄ ነው ይህን ያነበበልኝ፣ እሱ ይጽፍልኛል።

እንዶድ እንዶድ ትላላችሁ። እሺ። ሐይቃችን ውስጥ የሚጨምር ሰው ካለ ግን ከእኔ ጋር ይጣላል። ዓሣ ይገድላል። ድሮ ወንዝ ላይ ብርብራ በትነው ዓሣ የሚያሰክሩ ነበሩ፤ ይሄም ዘመዱ ነው። የሐዋሳ ሐይቅ ደግሞ መግቢያ እንጂ መውጫ የለውም። ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ይገባበታል፣ የሚወጣበት የለም። የተጣለበት ሁሉ እዚያው ነው የሚቀረው። ቆሮሶውና አምባዛው ካለቁ ቢልሃርዚያው ቢጠፋ እኛ ምን ልንበላ ነው?

ሌላ ጥያቄም አለኝ። ቆሮሶ ስንቀድ ልቡ አካባቢ የተጠቀለለ ትል እናገኛለን። አንዳንዱ ሥጋው ውስጥ ቢጫ ፍሬ የሚመስል ነገር አለው። ሰው ደግሞ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ መጥቶ ጥሬውን በዳጣ ይበላል። ይህ ነገር ሰው ይጎዳል ወይስ አይጎዳም? ስንጠይቅ የሚመልስ የለም።

የታቦር ልጅ

ጋሼ ባለጀልባው፣ ይህን ጥያቄ ሳነብ ልቤ ነው የዘለለው። ማወቅ የምፈልገው እሱን ነው። የእንስሳት ሐኪም አለ እዚህ?

የከብት ዶክተር

አለሁ። የዓሣ ሥራ ላይ ጥቂት ነክቻለሁ።

አባቴ፣ ልቡ ጋ የሚያገኙት አብዛኛውን ጊዜ ኮንትራሲኩም የሚባል ክብ ትል ነው፤ ጨቅላው። ዓሣው ለሱ መሸጋገሪያ ነው። የሚያድገው ዓሣ በሚበላ ወፍ ሆድ ውስጥ ነው፤ ፔሊካንና የመሳሰሉት። ወፉ ሐይቁ ላይ ኩሱን ሲጥል እንቁላሉ ውሃ ይገባል፣ በደቃቅ የውሃ እንስሳት በኩል ተመልሶ ዓሣ ጋ ይደርሳል።

ቢጫው ደግሞ ክሊኖስቶመም ይመስለኛል። እሱ ከቢልሃርዚያ ጋር የሩቅ ዘመድ ነው፤ ጠፍጣፋ ትል። እሱም በቀንድ አውጣ ነው የሚጀምረው። ከቀንድ አውጣ ዓሣ፣ ከዓሣ ወፍ። ወፉ አፍና ጉሮሮ ውስጥ ይጎለምሳል። ሰው ጥሬ ዓሣ በልቶ ጉሮሮው ላይ ተጣብቆበት ያመመው ጃፓንና ኮሪያ ውስጥ ተመዝግቧል። ብዙ አይደለም፣ ግን አለ። ከተጠበሰ ወይም ከተቀቀለ አንዱም አይተርፍም። ጥሬውን አትብሉ ብል ሐዋሳ ላይ ማን ይሰማኛል? ቢያንስ ዓሣው እንደወጣ ሆዱ ይጽዳ፣ ሥጋውም በብርሃን እየታየ ይቆረጥ። ዳጣ ትል አይገድልም፣ ይህን እወቁልኝ።

ለእህታችን አንድ የሚያስቀና ነገር ልጨምር። ጣና ላይ ትንንሾቹን ዓሦች የሚይዝ ሊጉላ የሚባል ጥብጣብ ትል አለ። የዓሣውን ሆድ ሞልቶ ይይዛል፣ እንቁላል እንዳይጥል ያደርገዋል። ሊጉላ የያዘው ዓሣ ጠባዩ ይለወጣል፤ ወደ ውሃው ወለል ይቀርባል። እዚያ ወፍ ይጠብቀዋል። የሚጠቀመው ማን ነው? ትሉ። ዓሣውን ለሚቀጥለው ቤቱ አሳልፎ ሰጠው ማለት ነው። ይህን አንብበሽ እንቅልፍ ከወሰደሽ ባዮቴክ ግቢ።

ሚጥሚጣ

ዛሬ ማታ ጥሬ ዓሣ ልበላ ቀጠሮ ነበረኝ። አመሰግናለሁ ዶክተር። የተጠበሰ አዝዛለሁ።

ከብርዱ አገር

ዘግይቼ ደረስኩ። እኔ ከሐዋሳ ወጥቼ አውሮፓ ውስጥ በዚሁ መስክ ነው የምሠራው፤ ከትሉ ይልቅ በሰውየው በኩል። «ኢሚውኖሎጂ ይሻልሻል» ያልከው ወንድሜ፣ ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች አይደሉም። ዛሬ ስለ ሰው በሽታ መከላከያ ከምናውቀው አንዳንዱ የመጣው ትል ካጠኑ ሰዎች ነው።

አስቡት። ቢልሃርዚያ የሚኖረው ደም ሥር ውስጥ ነው። ጠባቂዎቹ ሁሉ በሚመላለሱበት መንገድ ላይ ወንዱ ሴቷን ሆዱ ላይ ባለ እጥፋት ውስጥ ታቅፎ ዓመታት ይኖራል። ያልተጠራ ሰው የባለሠርጉን ዘመዶች ጋቢ ለብሶ ዳስ እንደሚገባ፣ ትሉም የኛኑ የደም ምልክቶች ላዩ ላይ ይለጥፋል። ሰውነታችን አይቶ ያልፈዋል።

ሰውን የሚያሳምመው ትሉ ራሱ አይደለም፣ እንቁላሉ ነው። እዚህ ሐዋሳ ያለችው የአንጀት ቢልሃርዚያ ሴት በቀን ወደ 300 ገደማ ትጥላለች። ግማሽ ያህሉ ከሰውነት ሳይወጣ ይቀራል። ደም ወደ ጉበት ይወስደዋል። ሰውነት እያንዳንዱን እንቁላል በሕዋስ ግንብ ያጥረዋል፤ ግንቡ ሲደርቅ ጠባሳ ይሆናል። ዓመታት ሲጠራቀም ጉበቱ ይጠጥራል፣ ሆድ ይነፋል፣ አንዳንዱ ደም ያስታውካል። እና የሚገርመው፣ እንቁላሉ ከደም ሥር ወጥቶ አንጀት የሚደርሰው በዚያው በሰውነት ቁጣ እየተገፋ ነው። መከላከያቸው የደከመ አይጦች ላይ ሲሞከር ብዙ እንቁላል ሳይወጣ ይቀራል። ትሉ የኛን ቁጣ እንደ መጓጓዣ ይጠቀምበታል።

አገር ቤትም ይህን የመሰለ ሥራ ተሠርቷል። ጅማ አካባቢ በተደረገ ጥናት መንጠቆ ትል የሚባለው ደም መጣጭ የአንጀት ትል ያለባቸው ሰዎች የአስም ምልክት ሲያንሳቸው ታየ። ትል እንዋጥ ማለት አይደለም። ትሉ ሰውነታችን ላይ ምን እየሠራ እንደሆነ መጠየቂያ በር ነው። ኔዘርላንድስ፣ ላይደን ውስጥ ደግሞ ፈቃደኞች በቢልሃርዚያ እጭ ሆን ተብሎ እንዲያዙ ተደርጓል፤ ክትባትና መድኃኒት ለመሞከር። በመጀመሪያው ሙከራ እጮቹ ሁሉ ወንዶች ነበሩ። ሴት ከሌለች እንቁላል የለም፣ እንቁላል ከሌለ ጉበቱ አይጎዳም። ስንት ዓመት የተከማቸ እውቀት ነው በዚያች አንዲት ውሳኔ ውስጥ ያለው!

የታቦር ልጅ

ከብርዱ አገር፣ ወንዶቹን ብቻ! ሳነበው ጮህኩ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። በዚህ መስክ በጣም ትልቅ የሆነ ሰው በጣም ተሳስቶ ያውቃል? መጽሐፍ ላይ ሁሉም ነገር ቀጥ ብሎ የተገኘ ነው የሚመስለው።

ከብርዱ አገር

ሎስን ፈልጊ። አርተር ሎስ፣ ጀርመናዊ፣ ካይሮ ይሠራ የነበረ። በ1890ዎቹ የመንጠቆ ትል እጭ ያለበት ውሃ እጁ ላይ ፈሰሰበት። አሳከከው፣ ቀላ። ከሳምንታት በኋላ ሰገራው ውስጥ እንቁላሉን አገኘ። ትሉ በቆዳ እንደሚገባ ያወቅነው በዚህ ነው። ባዶ እግሩን የሚሄድ ገበሬ ለምን ደሙ እንደሚያንስ የገባን ያኔ ነው።

ይኸው ሰው ቢልሃርዚያ ላይ ሲደርስ ግን «ቀንድ አውጣ አያስፈልገውም፣ ከሰው ወደ ሰው በቀጥታ ነው» ብሎ ሙጭጭ አለ። ስሙ ትልቅ ስለነበረ ብዙዎች አመኑት። ቢልሃርዝ ትሉን ካይሮ ላይ ያገኘው በ1851 ነው። ግብፅ ውስጥ ቀንድ አውጣው የተረጋገጠው በ1915 ነው፤ ሌይፐር የሚባል ስኮትላንዳዊ ነው ያረጋገጠው። ጃፓኖቹ ሚያይሪና ሱዙኪ በነሱ አገር ዓይነት ላይ በ1913 ቀድመውታል። 64 ዓመት ሙሉ ትሉ ይታወቃል፣ ቤቱ አይታወቅም። እስከዚያ የትኛውን ውሃ፣ ምኑን ነው የምትቆጣጠሪው?

ጋሽ ማይክሮስኮፕ

ይህን ልጅ ማን አሳደገው? ተባረክ።

እንግዲህ ልጄ፣ «ሳትሸነግሉ» ብለሽ ስለጠየቅሽ መራራውንም ልንገርሽ። ሥራው ውብ አይደለም። ጠዋት ትምህርት ቤት ሄደሽ ለልጆች የሰገራ መያዣ ዕቃ ታድያለሽ። ይሳሳቃሉ። ግማሹ ባዶውን ይመልሳል፣ አንዱ የወንድሙን ያመጣል። ከዚያ ካቶ-ካትዝ በሚባለው የሰገራ ምርመራ ዘዴ ታዘጋጂያለሽ፤ 41.7 ሚሊግራም የምትይዝ ቀዳዳ ያላት ካርድ አለች፣ በሷ ትለኪያለሽ። የመንጠቆ ትሉን እንቁላል ቶሎ ካላየሽ ጠፍቶ ታጪዋለሽ፤ የቢልሃርዚያው ይቆይሻል፣ ጎኑ ላይ እሾህ አለው፣ አይጠፋሽም። ዓይንሽ እስኪቀላ ትቆጥሪያለሽ። ትል የተገኘበት ልጅ መድኃኒቱን ማግኘት አለበት። ቆጥሮ መሄድ ነውር ነው።

ገንዘብ? ለክኒን ማደያ ይገኛል። ለቀንድ አውጣ አጥኚ ግን ይከብዳል፤ ቀንድ አውጣ በስሙ የሚለይልሽ ሰውም እየጠፋ ነው። እኛ ያረጀን ሰዎች ስንሄድ ማን ሊተካን ነው? ለአንቺ ግን ይህ ክፍት ቦታ ነው።

ሐኪም ልሆን ነው

እሺ ተሸነፍኩ። አንድ ነገር ግን ንገሪኝ፤ ባለጀልባው እንዳሉት ሐይቁ ላይ እንዶድ ካልተቻለ፣ ቀንድ አውጣውን በምን ልትቆጣጠሪው ነው?

የታቦር ልጅ

ሌሊቱን ሳስብበት ነው ያደርኩት። ሐይቅ በሙሉ መርዝ መበተን አይቻልም፣ ትክክል ናቸው። ግን ቀንድ አውጣው ሐይቁ መሀል አይኖርም። ዳር ዳሩን፣ ደንገሉና ሣሩ ውስጥ ነው። ሰውም ውሃው ጋ የሚደርሰው በተወሰኑ ቦታዎች ነው፤ የሚታጠቡበት፣ መኪና የሚያጥቡበት፣ ልጆች የሚዋኙበት፣ መረብ የሚጎተትበት። የማጠናው እዚያን መገናኛ ብቻ ነው። የትኛው ዳርቻ ላይ ቀንድ አውጣው እጭ ያወጣል? በየትኛው ወር? በቀን በስንት ሰዓት? የአንጀቷ ቢልሃርዚያ እጭ በብዛት የሚወጣው ፀሐይ ሲበረታ፣ ረፋድና እኩለ ቀን ላይ ነው ይባላል። ልጆቹ ደግሞ በዚያው ሰዓት ነው ውሃ የሚገቡት። ሣሩን ማጨድ፣ የመታጠቢያውን ቦታ መቀየር፣ ሽንት ቤት መሥራት የቱ ጋ ቢደረግ እንደሚበጅ ከዚያ በኋላ ይታወቃል።

ያንኑ ቀንድ አውጣ ስሰበስብ የዓሣውን ቢጫ ትል እጭም አብሬ አያለሁ። ሁለቱም ከቀንድ አውጣ ነው የሚወጡት። ከብርዱ አገር፣ ስህተት ካለው አርመኝ።

ከብርዱ አገር

ስህተት የለውም፤ ለማስተርስ ግን በዝቷል። ሁለት ወይም ሦስት ዳርቻ ምረጪ፣ ዓመቱን ሙሉ እዚያው ተመላለሺ። ቀንድ አውጣዎቹን ለየብቻ በብርጭቆ አድርገሽ ብርሃን ላይ አስቀምጪያቸው፣ የሚወጣውን እይ። እጮቹ ሲወጡ የማን እንደሆኑ በቅርጻቸው ለመለየት ፎቶ ላኪልኝ፣ አብረን እናያለን። አማካሪ ከማግኘትሽ በፊት ግን አትጀምሪ።

ጋሽ ማይክሮስኮፕ

ጓንትሽ እስከ ክርን የሚደርስ ይሁን። ቦቲ ሳታደርጊ እንዳትገቢ። ቀንድ አውጣ የሚያጠና ሰው በቢልሃርዚያ ሲታከም ማየት አሳፋሪ ነው፤ ግን ስንቱን አይቻለሁ። መለያ መጽሐፍ ከእኔ ውሰጂ፣ ያረጀ ነው፣ ሥዕሉ ግን ደህና ነው።

የታቦር ልጅ

ጋሼ እመጣለሁ። እማዬም «ዓሣውን የሚመለከት ከሆነስ ይሁን» ብላለች፤ ዓሣ ትወዳለች።

ባለጀልባው

ልጄ አነበበልኝ። ጀልባ እሰጥሻለሁ። ግን ውጤቱን ወረቀት ላይ አውጥተሽ ከመጥፋትሽ በፊት ለማኅበራችን ትነግሪናለሽ። እስካሁን ናሙና ወስዶ ተመልሶ የነገረን ሰው የለም።

የታቦር ልጅ

ቃሌ ነው አባቴ። የጀልባው ሒሳብስ?

ባለጀልባው

ነዳጁ ከአንቺ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ነው የምንወጣው፣ ካረፈድሽ አንጠብቅሽም።